ያልተነካው ፓፍ

ተመራማሪዋ የአስም ፓፏን በቀኝ እጇ እንደጨበጠች ከጠረጴዛዋ ሥር ወድቃ ጠዋት ተገኘች። ሲያዩት ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አስሟ ተነሥቶባት ሞተች። መርማሪው ግን ከሌላ ጉዳይ ሳያርፍ የመጣ፣ ቶሎ ለመነሣት እንኳ ጉልበት ያጣ ሰው ነበርና ተቀምጦ ፓፉን ቀስ ብሎ አገላበጠው። ጀርባው ላይ ያለችው፣ የቀረውን የምታሳየው ቆጣሪ 200 ትላለች።

«ይሄ ስንት ጊዜ ይነፋል?»

«ሁለት መቶ፤» አለች ዓይኗ በለቅሶ ያበጠው የላብራቶሪ ባለሙያ። «ለጥናቱ ተሳታፊዎች የምናድለው ነው። የሷማ ሊያልቅ ነው ብላኝ ነበር።»

«ይሄን ማን ሰጣት ታዲያ?»

«እንጃ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ይቆለፋል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም ኃላፊያችን ጋ።»

ኃላፊው ስሙን ያስጠራው በዚሁ ጥናት ነበር፤ የሰውነትን መቆጣት፣ ብግነትን፣ በሚቆጣጠሩ ጂኖች ላይ ያለች አንዲት ልዩነት ለአስም ታጋልጣለች የሚል።

የሟች ታላቅ እህት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ኃላፊያችሁ የሚላት ልዩነት እኔም አለችብኝ፤» አለች። «የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እሷ ትታፈናለች፣ እኔ እንዳሻኝ እሮጣለሁ። ‹አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም› ብላ ትስቅብኝ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ከነከናትና መዝገቡን እንደገና አየችው። ልዩነቷ የሌለባቸው ሰማንያ ሕመምተኞች ተሰርዘዋል። ‹ዛሬ ከሥራ በኋላ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› አለችኝ ትናንት።»

ኃላፊው ሽበቱን እየዳበሰ ገባ።

«እኔ በአሥር ሰዓት ወጥቻለሁ፤ አላየኋትም። ምስኪን! ነፋችው፣ ነፋችው፣ እምቢ አላት። ቀን ከጎደለ መድኃኒትም አይበጅ።»

መርማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ።

«ሁላችሁም ተቀመጡ። ይህ ፓፍ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፋም። የታፈነ ሰው ሙሉ መድኃኒት ጨብጦ ዝም አይልም፤ ስለዚህ እጇ ውስጥ የገባው ከሞተች በኋላ ነው። ያስገባውም ቁልፍ ያለው ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ ደጋግማ ስትነፋ እንደነበር ያውቃሉ። ያ የራሷ ፓፍ ነው፤ ያለቀው። አላየኋትም ካሉ ይህን ማን ነገረዎት?»

ኃላፊው ወደ በሩ ተመለከተ።

«ባዶው የት አለ?»

ኃላፊው እጁን ወደ ጋወኑ ኪስ ሰደደና ሰማያዊ ፓፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ድምፁ በድካም ሰልሏል።

«እየተጨቃጨቅን ተነሣባት። አልነካኋትም። ወደ ቁም ሣጥኑ በጣቷ አሳየችኝ…»

«አንተስ?» አለች እህቷ።

«ቆምኩ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ጥናት ነው። መክፈት ነበረብኝ። ቆምኩ።»

«እስክትሞት?»

«እስክትሞት። ባዶው እጇ ላይ ከተገኘ ‹ቁልፉ ማን ጋ ነበር?› ይባላል ብዬ ለወጥኩት።»

 መርማሪው ክንዱን ይዞ አስነሣው፤ ሁለቱም እንደ ሽማግሌ እየከበዳቸው ወጡ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የሟችን ኮምፒውተር ከፈተች። ጥናቱን ላወጣው መጽሔት የተጻፈ፣ ስሕተቱን የሚዘረዝር ደብዳቤ ሳይላክ ተቀምጧል። ከሥሩ የሟች ስም አለ።

«ምን ላድርገው?» አለች።

እህትየው ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«እሷ ጨርሳዋለች እኮ። ላኪው።»