ዜሮ ለዜሮ በኮልተን ሜዳ

የኮልተን ቡድን ኳስ ወርዋሪ ክላይድ ሃርቦ፣ ሁለቱ የቤዝቦል ቡድኖች በሚጋሩት የልብስ መቀየሪያ ክፍል ወለል ላይ ተዘርሯል። የራስ ቅሉ በግራ በኩል ገብቷል፤ አጠገቡ በወደቀው የመምቻ ዱላ ላይ ፀጉርና ደም ተጣብቋል። እሱና የእንግዳው ቡድን ወርዋሪ ኤመት ስትራውድ አሥራ ስምንት ዙር ሙሉ አንዲት ነጥብ ሳይቆጠርባቸው ተፋጠው፣ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ለነገ ከተላለፈ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው።

ዱላው የኤመት ነበር። የኮልተን ከሰል ቆፋሪዎች ገዳዩ እሱ ነው ብለው አፍንጫውን ሰብረው፣ ሁለት ጥርሱን አራግፈዋል። አሁን ሊሰቅሉት ገመድ ይዘው በሩን ይደበድባሉ።

«አውጡት! እኛው እንፍረድበት!»

መርማሪው ኦርቪል ቲግ በሩን በጠረጴዛ ደገፈው። ኤመት ደሙን እየዋጠ ያየዋል፤ ከዚህ ሰው ሌላ በእሱና በገመዱ መካከል የቆመ የለም።

«ዱላህ ነው?»

«የኔ ነው። ጥጉ ላይ ከሌሎቹ ጋር አቁሜው ነበር፤ ማንም ሊያነሳው ይችላል።»

«ቀኝ ክንድህን አንሳ።»

አሥራ ስምንት ዙር የወረወረው ክንዱ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን ላብ አጠመቀው።

«ቲያትር ነው!» አለ የሟቹ አሰልጣኝ ክሬብስ፣ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። «ልጄን ገደለብኝ እኮ!»

ቲግ የሟቹን ኳሶች ይቀልብ ወደነበረው ወደ ፐርሴል ዞረ። «አንተ የት ነበርክ?»

«በር ላይ፣ ከአይዳ ጋር።»

«እውነቱን ነው» አለች የሟቹ ሚስት አይዳ።

«አሰልጣኝስ?»

«ሜዳው ላይ ኳስ ስለቅም። እዚህ እግሬን አላስገባሁም።»

ቲግ ተንበረከከ። የሟቹ ቀኝ ክንድ ቀልቶ ያብለጨልጫል። የዱላውን እጀታ በጣቱ አሸት አድርጎ ከንፈሩን ነካና ምራቁን ተፋ።

«በርበሬ! ፐርሴል፣ ከጨዋታ በኋላ ክንድ የሚያሽላችሁ ማነው?»

«አሰልጣኙ ራሱ። ያንን የበርበሬ ዘይት ለሌላ ሰው አያስነካም።»

«የኤመት ክንድ ደረቅ ነው፤ እሱን ማንም አላሸውም። ክላይድን ያሸው እጅ ግን ሳይታጠብ ዱላውን ጨብጧል። ከዚያ ላቡን ሲጠርግ ዓይኑን ነካ። ክሬብስ፣ ሰው ወዳጁን በሁለት ዓይኑ ነው የሚያለቅሰው። ያንተ የቀላው አንዱ ብቻ ነው።»

ክሬብስ ዱላውን ሊነጥቅ ተወረወረ። ቲግ ጉልበቱን በርግጫ አጠፈው፤ ፐርሴል ደረቱ ላይ ወጥቶ ከንፈሩን በቡጢ ሰነጠቀው።

«ነገ አልወረውርም አለኝ!» ጮኸ ክሬብስ ከሥር። «እያሸሁት! አሥራ ስምንት ዙር ቆሞ፣ ሌላ ወርዋሪ አሰልፍ አለኝ!»

ቲግ በሩን ከፍቶ ክሬብስን በአንገትጌው ጎተተው። ያየ ላላየ ነገረ፤ ጩኸቱ ቀስ በቀስ ሞተ። ከገመድ ያዦቹ አንዱም ኤመትን ቀና ብሎ አላየውም።

አይዳ ከባሏ አስከሬን አጠገብ እንደተቀመጠች ኤመትን ጠየቀችው። «ጨዋታው መጨረሻ ላይ ከክላይድ ጋር ስትሳሳቁ አይቻችኋለሁ። ምን ተባባላችሁ?»

ሊዋሻት ይችል ነበር።

«‹ነገ እኔም አልወረውርም፣ አንተም አትወርውር፤ ክንዳችን ያልቃል› አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሱስ?»

«እሺ አለኝ።»

የባሏን ቀኝ ክንድ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ክላይድ እሺ ካለ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እሺ ብሏል ማለት ነው። ውሳኔው የራሱ ነው፤ ያንተ ጥፋት አይደለም።»