ከአያቴ ጎማ ማዶ

ሹርላይን ከውሃው ብቅ ስትል የጋሽ ኤልቪዮን ሳቅ ቀድሞ ተቀበላት። የመተንፈሻውን ቱቦ ከአፋቸው አውጥተው፣ በጣታቸው ወደ ታች እየጠቆሙ ነበር።

«የተነሳሽበትን ቦታ አንድ ስንዝር እንኳ አልሳትሽም! ሃያ ሁለት ዓመት ባሕር መጥለቅ ሳስተምር እንዲህ ያለ ካሬ አይቼ አላውቅም።»

ፈተናው ለመስማት ቀላል ነው፤ ውሃው ውስጥ፣ ከባሕሩ ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በኮምፓስ ብቻ እየተመሩ አራት እኩል ጎን ዋኝቶ እዚያው መመለስ። ቀድመው የሞከሩት ወይዘሮ ቲነከ ነበሩ፤ ሆላንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ትራም ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሴት። አምስት ሜትር ስተው ደረሱ። ቢሆንም ዋንጫ እንደበላ ቡድን ጨፍረዋል።

ዳር ወጥተው ሲሊንደሮቻቸውን ሲያወርዱ ጋሽ ኤልቪዮን መመዝገቢያቸውን አነሱ። «በሦስተኛው ጎን የኮምፓሱ መርፌ ስንት ዲግሪ አለሽ?»

«ዘጠና» አለች ሹርላይን።

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን እዚያው ቆማ አሰላችው እንጂ አላየችውም። ታች ሳለች ኮምፓሱን አንዴም ዞር ብላ አልተመለከተችም። ምን ያደርግላታል? ባሕሩ የቤታቸው ደጅ ነው። አያቷ ጀልባ ለማሰር ካሰመጡት የመኪና ጎማ ተነስታ የዝሆን ጆሮ ወደሚመስለው ብርቱካናማ ስፖንጅ፣ ከዚያ ተገምጦ የተተወ ዳቦ ወደሚመስለው ኮራል፣ ከዚያ በልጅነቷ «ነገረኛው» ብላ የሰየመችው ዓሣ ወደሚኖርበት ጉድጓድ፣ ከዚያ ተመልሳ ወደ ጎማው። ዓይኗን ጨፍናም ትደርሳለች።

«ነገ ሠላሳ ሜትሩን ከወረዳችሁ የከፍተኛ ደረጃ ጠላቂነት ማረጋገጫው ካርድ የእናንተ ነው» አሉ ጋሽ ኤልቪዮን።

ሹርላይን የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። ቅዳሜ ወንድሟ በጀልባው ሰዎችን ባሕር ውስጥ ወደ ሰመጠ አንድ መርከብ ይወስዳል። ካርዱን ሳታሳየው ግን እህቴ ናት ብሎ እንደማያወርዳት ደጋግሞ ነግሯታል።

ወይዘሮ ቲነከ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት። «እኔም ቅዳሜ እመጣለሁ። የመጥለቅ ጥንዴ አንቺ ነሽ፤ ከመርከቡ ወደ ጀልባው ገመድ የምትመልሺኝም አንቺ። ዝም ብዬ እግርሽን ነው የምከተለው፣ የኔ ልጅ።»

ሹርላይን ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ማታ ላይ ከጓደኛዋ ከጁንሪክ ጋር አጥሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሳምቡሳ የሚመስል አይብ የተሞላ ፓስቴቺ እየበሉ ሁሉንም ነገረችው። ጁንሪክ ሳቀ።

«አንቺ እኮ ከመራመድሽ በፊት የዋኘሽ ልጅ ነሽ። ካርዱን ለማን ልታሳዪ ነው? ለዓሣው? ‹ጌታዬ፣ ይኸው መታወቂያዬ› ልትዪው?»

«መርከቡ ጋ ነገረኛው የለም።»

«እና?»

«የአያቴ ጎማም የለም። አሸዋ ብቻ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ከኋላዬ ናቸው።»

ጁንሪክ ማኘኩን አቆመ። «እሺ፣ ይሄ ትንሽ ይከብዳል» አለና የቀረውን ፓስቴቺ አቀበላት።

ጠዋት ጋሽ ኤልቪዮን ሲሊንደሮቹን ፒክአፑ ላይ ሲጭኑ፣ አንድ የመንገድ አህያ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ቁርሳቸውን ይፈልግ ነበር።

«ጋሼ፣ ያንን ዘጠና ይሰርዙልኝ» አለች ሹርላይን።

«ምን ሆነ?»

«ኮምፓሱን አላየሁትም። የማውቀውን ኮራል ተከትዬ ነው የተመለስኩት።»

ጋሽ ኤልቪዮን አህያውን ገፋ አድርገው ወደ ሲሊንደሮቹ ተመለሱ። ወይዘሮ ቲነከ ግን ወገባቸውን ያዙ።

«ሌሊቱን ሙሉ ስቀናብሽ አደርኩ እኮ! ለካ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ!»

«ካሬውን ዛሬ ከደገምሽ» አሉ ጋሽ ኤልቪዮን በመጨረሻ «ሠላሳ ሜትሩ ለሰኞ ይተላለፋል። ቅዳሜ ያመልጥሻል።»

ሹርላይን አንድ ሲሊንደር አንስታ ፒክአፑ ላይ ጫነች። «መርከቡ ሃያ ዓመት እዚያው ተኝቷል። እስከ ሰኞ የትም አይሄድም።»

«እኔም እቆያለሁ» አሉ ወይዘሮ ቲነከ። «ጡረተኛ ሰኞ ምን ሥራ አለበት?»

ጋሽ ኤልቪዮን መመዝገቢያውን ከፍተው ዘጠናን በአንድ መስመር ሰረዙ። ከዚያ ወደ ደቡብ ነድተው፣ ሹርላይን ጠልቃበት በማታውቀው ባሕር ፊት ለፊት፣ የመጥለቂያ ቦታ መሆኑን ከሚያመለክት ቢጫ ድንጋይ አጠገብ ቆሙ።

«እማማ፣ ርቀቱን እንዴት ነው የሚቆጥሩት?» አለቻቸው ሹርላይን ወይዘሮ ቲነከን፣ መነጽሯን እያጠለቀች።

«በቀኝ እግሬ ምት ብቻ። ሁለቱንም ከቆጠርኩ ይደበላለቅብኛል።»

ታች ነጭ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ስም ያወጣችለት አንድም ነገር የለም። ኮምፓሱን ከደረቷ ፊት ቀጥ አድርጋ ያዘችና ጀመረች። አንድ፣ ሁለት። አሥራ አንደኛው ላይ ትልቅ ጥላ አሸዋው ላይ አለፈ፤ የባሕር ኤሊ መሆኑን ከቅርጹ አወቀች። ከኋላዋ ወይዘሮ ቲነከ በአረፋ ውስጥ በደስታ ሲጮኹ ሰማች።

ሹርላይን ዓይኗን ከመርፌው አላነሳችም። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት።