ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር

አሮጊት ከሆንኩ ወዲህ ቃሌን ከቁም ነገር የሚቆጥር ጠፍቷል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው ጎረቤቴ ደረጃው ሥር አንገቱ ተሰብሮ ሲገኝ፣ «ሰው ነው የገደለው» አልኳቸው ለፖሊሶቹ። ተሳሳቁ።

«መብራት ጠፍቶ ነበር እኮ እማማ። በጨለማ ወድቀው ነው።»

ያንን ደረጃ ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል። ግን ማን ይስማኝ? ፋይሉ ሊዘጋ ነው ተባለ።

ደግነቱ አንዲት መርማሪ መጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ያንን የሚጽፍበትን ላፕቶፕ ኮምፒውተር ከሠራው ኩባንያ ጋር። ያ ዕቃ እንደወጣ ተሽቀዳድመው ከገዙት አንዱ እሱ ነው። ወዲያው ሌላ አወጡና የእሱን ረሱት። መለዋወጫ ሲጠይቅ ‹አዲሱን ግዛ› ይሉታል። እንደሱ የተሞኙትን ሰብስቦ ሊከሳቸው ነበር።»

«የዚያን ምሽት ምን ሰሙ?»

«ሲጽፍ የጣቱ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። እሱም ብቻውን፣ እኔም ብቻዬን፤ ጨዋታችን እሱ ነበር። መብራት ሲጠፋ ድምፁም ቆመ።»

መርማሪዋ ክፍሉ ገባች። የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀለች፤ መልሳ ሰካች።

ቀጥላ የጋሼን እህት ጠየቀች።

«ከተኳረፍን ቆይተናል» አለች እህቱ ዓይኗን ሳታነሣ። «የዚያን ምሽት ልታረቀው መጥቼ፣ ከግቢው በር ወኔ ከድቶኝ ተመለስኩ።»

«አይተሃታል?» አለችው የግቢውን ጥበቃ።

«ሻማ ፍለጋ ገብቼ ነበር።»

«እንቅልፍ ፍለጋ በል!» አልኩት።

የዚያን ምሽት ጋሼ ዘንድ መጥቶ የነበረው የኩባንያው ወኪል ከረባቱን አስተካከለ። «እኔ ስወጣ ደህና ነበሩ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ በስክሪኑ ብርሃን መጻፋቸውን ቀጠሉ።»

ያን ጊዜ መርማሪዋ ሁላችንንም ጋሼ ክፍል ሰበሰበችን። ኮምፒውተሩን አበራችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ባትሪው ሞቷል» አለች። «መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ነው እማማ ድምፁ ቆመ ያሉት። ታዲያ በየትኛው ስክሪን ብርሃን ነው የጻፉት?»

«ሞዴሉ እኮ... ያለ ገመድ ቀኑን ሙሉ ይሠራል» አለ ወኪሉ።

«አዲሱ ይሠራ ይሆናል። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ‹ባትሪ ቀይሩልኝ› እያሉ ቢሯችሁ ሲመላለሱ አንድ ቀን ሰምተሃቸው ቢሆን፣ ይሄን ውሸት አትዋሽም ነበር። ደግሞስ ለምን ትዋሻለህ? ስትወጣ በሕይወት እንደነበሩ እንድናምን ነው። በሕይወት አልነበሩማ።»

ወኪሉ ግድግዳውን ተደገፈ። «ክሱን ይተዉት ብዬ ለመንኳቸው። በዚያ ጨለማ እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ‹ፍርድ ቤት እንገናኝ› አሉኝ። እነዚያ ሁሉ ገዢዎች ቢከተሏቸው እንጀራዬ አበቃ። ገፋኋቸው።»

መርማሪዋና ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ። ጥበቃውም ተከተላቸው። ክፍሉ ጭር አለ። እህቱ የጋሼን ሹራብ አቅፋ ወደ በሩ አመራች።

«አንቺ!» አልኳት። «ሹራቡን አስቀምጪና ተቀመጪ። ዛሬ ብቻሽን የትም አትሄጂም፤ እኔ ዘንድ ነው የምታድሪው።»