ባለቢጫ ሹራቧ ዳኛ

አሥራ ሰባተኛው የፋሲል ግንብ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሐመልማል ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ይሄኛው ግንብ ወደ ግራ ጋደል ብሏል፤ ከላዩ ላይ ዶሮ የሚያካክሉ ሦስት እርግቦች ይበራሉ። የሠዓሊዎቹ ስም ተሸፍኖ በየስዕሉ ላይ ቁጥር ብቻ ተለጥፏል። ለዚህኛው ሠዓሊ ስሙ መሸፈኑ ትልቅ ውለታ ነው ብላ አሰበች።

«ሁለት ከአሥር» አለች፤ በቀይ እስክሪብቶዋም ጻፈችው።

መምህር ስማቸው እርግቦቹ ሸጋ ናቸው ብለው ሰባት ሰጡ። እሳቸው ለሁሉም ሰባት ነው የሚሰጡት። የሚያስተምሩት ሥነ ዜጋ ነው፤ የስዕል ክበቡን የያዙት ሌላ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው። ሦስተኛዋ ዳኛ ወይዘሮ የትነበርሽ ደግሞ ከአዳማ መጥተው ጎንደር ላይ ሆቴል የከፈቱ ሴት ናቸው፤ ስዕሎቹ ለሚሸጡበት ጨረታ አዳራሻቸውን በነፃ ስለሰጡ ዳኛ ተደረጉ። በቦርሳቸው የአዳራሹን መጋረጃ ቁራጭ ይዘው መጥተዋል። እያንዳንዱን ስዕል ከቁራጩ ጎን ያስቀምጡና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ። ከመጋረጃው ጋር ከሄደ አለፈ፣ ካልሄደ ወደቀ።

ሐመልማል በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጣ ቅዳሜ ጠዋቷን ማቃጠሏ አንገብግቧታል። እሷ የዘጠነኛ ክፍል አንደኛ ሠዓሊ ናት፤ ሳትጠየቅም ትናገረዋለች። ተማሪዎችን ወክላ ዳኛ ስትሆን የገረማት ነገር ቢኖር ዘግይተው መጥራታቸው ነው። ከአርባ ሁለት ስዕሎች አሥራ ሁለቱ ተመርጠው አርብ በሆቴሉ አዳራሽ ለጨረታ ይቀርባሉ፤ ገቢውም ከአይከልና ከአምባ ጊዮርጊስ ገጠር ለሚመጡ የዓይን ሕሙማን ማሳከሚያ ይውላል። ሦስቱም ዳኞች ካልተስማሙ አንድም ስዕል አያልፍም። እስካሁን ያለፉት አራት ናቸው፤ እነሱንም ቢሆን ያሳለፈቻቸው እየቀፈፋት ነው።

«ሠላሳ አንድ ቁጥር» አሉ መምህር ስማቸው፤ ተጠቅልሎ የመጣ ጨርቅ ዘረጉ።

የዱቄት ከረጢት ነው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቶ የተሳለበት። ተማሪዎች ስዕሎቻቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በተርታ ቆመዋል። ሁሉም ፊታቸው ክብ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር መስመር የተከበበ፣ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን ያላቸው። ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። ቀይ እስክሪብቶ ይዛለች፤ አንገቱ ላይ ትልቅ ጥቁር ቁልፍ ያለበት ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ፊቷን ወደ ጎን ስላዞረች የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

ሐመልማል ሹራቡን አወቀችው። አክስቷ የሠራችላት ነው፤ በትምህርት ቤቱ ሁለተኛ የለውም። አሁንም የተቀመጠችበት ወንበር መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ልጅ የአንድ ዓይንን ነገር ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልገውም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደጋጎቹ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልጅ ሳለች እናቷ እነዚያን ትኩር ብላ እንዳታይ ትቆጣት ነበር። አርብ ወደ አዳራሹ የሚገባ ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

የማን እጅ እንደሆነም አላጣችውም። ትርንጎ ናት፤ አባቷ አቶ ኪዳነ ማርያም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት በክበቡ ክፍል ውስጥ ስዕሎች ገመድ ላይ ተሰቅለው ሳለ፣ ሐመልማል ማንም ሳይጠይቃት በቀይ እስክሪብቶዋ ማርክ እየሰጠች ስትዞር ነበር። የትርንጎ ስዕል ጋ ስትደርስ፣ «የአባትሽን ከምትገለብጪ ፎቶ ኮፒ ቤት ብትወስጂው አይሻልም?» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ትርንጎ ስዕሏን ጠቅልላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ክበቡን አልረገጠችም።

«እጆቹ ማንኪያ ይመስላሉ» አለች ሐመልማል። እውነቷን ነው፤ ማንኪያ ይመስላሉ። ሦስት ከአሥር ብትል ነገሩ እዚሁ ያበቃል፤ ማንም ምንም አይላትም። እስክሪብቶዋን አነሳች።

ወይዘሮ የትነበርሽ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። «ምስኪን፣ አንድ ዓይኗን ያጣች ልጅ እኮ ናት። ለዓይን ሕሙማኑ ተብሎ የተሳለ ነው» አሉ። ጨርቁን ገልብጠው ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈውን ርዕስ አነበቡ፤ «ዳኛዋ» ይላል። አልጣማቸውም። «ብርሃን የናፈቃት» ቢባል የተጫራቹን አንጀት ይበላል አሉ።

መምህር ስማቸው የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ናቸው፤ አንድ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። ስዕሉን አዩ፤ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሹራብ አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ትክክል ነዎት፣ በጣም ልብ ይነካል ብለው ሰባት ሰጡ።

ሐመልማል ከጠዋት ጀምራ ስትንቃቸው ነው ያረፈደችው፤ ይሄኛው ግን ከሁሉም ባሰባት። እያወቁ ዋሹ። ንቀቱ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ፣ እሷስ አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ከሳቸው በምን ትለያለች የሚል ሐሳብ መጣባት። መልሱ አላማራትም። ዝም ብትል ትተርፋለች። ትርንጎ ግን አርብ መጥታ፣ የሳለቻት ልጅ በሽተኛ ተብላ ሲታዘንላት ታያለች። ይሄ ከፎቶ ኮፒው ቀልድም ይብሳል።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ልጅቷ አልታመመችም» አለች። «እኛ ጋ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉ ሰው ነው።»

«እንዴ፣ ይቺ ልጅ ደግሞ ምን አድርጋ ነው?»

መምህር ስማቸው ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ።

«በሰው ሥራ ስቃለች» አለች ሐመልማል። «ርዕሱ እንዳለ ይሁን። ስምንት ከአሥር። ሁለቱን የቀነስኩት ለእጆቹ ነው።»

ወይዘሮ የትነበርሽ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የመጋረጃቸውን ቁራጭ አውጥተው ከተሳለው ሹራብ ጎን አስቀመጡት። ቢጫው ከመጋረጃው ጋር ግጥም አለ። ልጅቷ ክፉም ትሁን ደግ ከዚያ ወዲያ ግድ አልነበራቸውም፤ ስዕሉ አለፈ።

ምርጫው አልቆ ወይዘሮዋ ሲሄዱ ሐመልማል የአሥራ ሁለቱን ስዕሎች ርዕስ በካርቶን ላይ ለመጻፍ ቀረች፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ስድስቱ ካርቶኖች «ፋሲል ግንብ» የሚሉ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ጋ ስትደርስ መምህር ስማቸው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ምነው ሐመልማል፣ አርብ እናትሽም ይመጣሉ እኮ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲሁ ተማሪዎች ብትይው ማን ያውቅብሻል?»

«ትርንጎ ታውቃለች፣ ቲቸር።»

«ዳኛዋ» ብላ በደማቁ ጻፈች። ፊደሎቹ ከግንቦቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ይህንንም ሳታስተውል አላለፈችም።

ቤት ስትደርስ የሹራቡ እጅጌ የእስክሪብቶዋ ቀይ ቀለም ነክቶት አገኘችው። ሹራቡ ወፍራም ነው፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። አርብ ለብሳው ለምትገባበት ጨረታ እንዲደርስላት በዚያኑ ቀን ከሰዓት አጠበችውና ፀሐይ በሚመታው በኩል ሰቀለችው።