ንጹሕ ቤንዚን

ባለቶርኖው በሞተ በሦስተኛው ቀን አዛዡ መዝገቡን በጠረጴዛው ላይ ወደ መርማሪዋ ገፋው።

«የሚያስቸግር ነገር የለውም» አላት። «ሰውየው ብስክሌቱ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተር ገጠመ። ሞተሩን የያዘው ብየዳ ቁልቁለት ላይ ተበጠሰ፣ የኋላ ጎማው ቀጥ አለ፣ እሱም ከድልድዩ ግንብ ጋር ተጋጨ። በያጁ ታስሯል፤ ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንቺ አየት አድርገሽ ፈርሚበት።»

መርማሪዋ ፎቶግራፉን እንደ አሮጌ ደረሰኝ አየችው። በሥራው ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይታለች፤ በእንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ልቧ መምታቱን ካስተዋለች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። አንደኛው ጫማ ወልቋል። ከረባቱ ግን እንደታሰረ ነው።

«ከረባት አድርጎ ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ወደ ፈተና። ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አንድ አስተማሪ ይፈልጋል። ተፈታኙ ሁሉ በገዛ እጁ የሠራውን የሚንቀሳቀስ ነገር ይዞ እንዲቀርብ ታዝዞ ነበር። የእሱ ሥራ ይህ ብስክሌት ነበር።»

በያጁ በእስር ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ይመለከታል።

«ብየዳህ ተበጥሷል» አለችው።

«ኢንስፔክተር፣ የእኔ ብየዳ ከሚለቅ ብረቱ ይቀደዳል። መልኩ አያምርም፤ እንደ ፊቴ ጉብታ በጉብታ ነው። ግን ይይዛል።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ልጆቼ ነገ ‹ነፍሰ ገዳይ› የተባለ አባት ይዘው ትምህርት ቤት ሊሄዱ ነው።»

«በዚያን ጠዋት ሟቹ ቤት ማን ማን ነበር?»

«ሚስቱ ከረባቱን ታስርለት ነበር። እኔ ብሎኖቹን ላጠብቅ ደረስኩ። ታናሽ ወንድሙ፣ ጋራዥ የሚሠራው መካኒክ፣ ቀድሞኝ ወርክሾፑ ውስጥ ነበር፤ መፍቻ ልዋስ ብዬ ነው አለኝ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ስትገባ አንድ የወንድ ኮት በስፌት መኪናው ላይ ዘርግታ ጎኑን ታጠብባለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ያጽናዎት» አለቻት መርማሪዋ። «የማን ኮት ነው?»

«የእሱ። አስተማሪ ሲሆን በመጀመሪያው ቀን እንዲለብሰው የሰፋሁለት ነው። አሁን ወንድሙ ጠይቆኝ በልኩ እያጠበብኩለት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ምን ያደርግልኛል?»

«ወርክሾፑን ይክፈቱልኝ።»

ሴትዮዋ ከአንገቷ ቁልፍ አወጣች። «አደጋውን ከሰማሁ ወዲህ ከአንገቴ አልወረደም። የእሱን ዕቃ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም።»

ወርክሾፑ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በቅርጹ በተሳለለት ቦታ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ አረንጓዴ ዘይት የያዘ ጠርሙስና ትንሽ የሽሮፕ መለኪያ አሉ፤ ከሥራቸው ነጭ ጀሪካን ቆሟል። በጀሪካኑ ጎን ላይ የምስማር ጭረቶች ቁልቁል ተደርድረዋል።

«ጭረቱ ምንድን ነው?»

«በቀዳ ቁጥር የቀረውን ይጭርበታል። ልክ የሌለው ነገር ያንገበግበው ነበር። ዘይቱንም በዚያች መለኪያ ለክቶ ጀሪካኑ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቅላል። ሞተሩ ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ውስጥ ብቻ ነው፣ ካጣ ይጣበቃል እያለ ስንቴ አሰልችቶኛል!»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ቀዳ?»

«በዋዜማው። ታንኩን ሞላው፤ ሁለት ሊትር። ጭሮበትም ወጣ።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። አረንጓዴው ቤንዚን ከመጨረሻው ጭረት በላይ፣ ከእሱ በፊት በነበረው ጭረት ልክ ቆሟል።

ብስክሌቱ ፖሊስ ከመለሰው ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የተበጠሰው ብየዳ ስብራቱ ከዳር እስከ ዳር ያብለጨልጫል፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ፣ ዝገት ወይም ጥቀርሻ የገባበት ቦታ የለውም። ሞተሩን ልታዞረው ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያም የታንኩን የነዳጅ ቱቦ ነቅላ ነዳጁን ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ለቀቀችው። በመጀመሪያ እንደ ማር የወፈረ ቡናማ ነገር ወረደ። ተከትሎት የመጣው ቤንዚን እንደ ውሃ የጠራ ነበር።

«እቴ፣ ኮቱ አለቀ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። መካኒኩ ነበር። ጠርሙሱን ሲያይ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ኮቱ ለአስተማሪ የተሰፋ ነው። አንተም ተፈትነህ ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«አዎ፣ የሠራሁትን የእጅ ፓምፕ ይዤ ቀርቤ ነበር። መርዶውን የሰማሁት ስወጣ ነው።»

«ውጤቱስ?»

«አለፍኩ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው፤ በድምፅዋ ደስታም ምፀትም አልነበረም። «ከአደጋው ወዲህ ወደ ግቢው መጥተሃል?»

«በየቀኑ! ወንድም ጋሼ እኮ ነው። ብስክሌቱንም ከፖሊስ መኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ በያጁ እጁ እንደታሰረ ከአዛዡ ጋር ወደ ግቢው መጣ። ሚስቲቱ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ መካኒኩ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ብየዳው አልገደለውም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ስብራቱ በአንድ ጊዜ የተከፈተ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ተጣበቀ፤ ጎማውን ያዘው፤ ሰንሰለቱም ሞተሩን ከመቀመጫው ገነጠለው። ሞተሩ የተጣበቀው ዘይት አጥቶ ነው።»

«ዘይትማ ታንኩ ውስጥ አለ!» አለ መካኒኩ።

«አለ። ከታች ተኝቶ። ባለቶርኖው ለክቶ የቀላቀለው ቢሆን ኖሮ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አረንጓዴ በሆነ። ይህ ግን ቡናማ የመኪና ዘይት ነው፤ ብስክሌቱ እዚህ ከቆመ በኋላ ከላይ ፈስሶበት የዘቀጠ። ሰው ሁሉ ብየዳውን ሲወቅስ ታንኩ ዘይት እንደጎደለው ያወቀው ማን ነው? ያጎደለው ብቻ ነው።»

መርማሪዋ ጠርሙሱን አዛዡ ፊት አስቀመጠችው።

«በያጁ ከአደጋው ሰዓት ጀምሮ በእጃችን ነው፤ ሊያፈስስ አይችልም። እመቤቲቱ የወርክሾፑ ቁልፍ አላቸው፤ ሊደብቁ ቢፈልጉ አረንጓዴውን ከመደርደሪያው ባነሱ ነበር። የፈሰሰው ቁልፍ የሌለው ሰው ከሥራ ቦታው ይዞት የመጣው ዘይት ነው።» በተከፈተው የወርክሾፕ በር ወደሚታየው ጀሪካን ጠቆመች። «በዚያን ጠዋት አንድ ሰው ከታንኩ አረንጓዴውን ቀድቶ፣ ይዞት የመጣውን ዘይት የሌለበት ንጹሕ ቤንዚን ሞላበት። የቀዳውን ግን መሬት ላይ አልደፋም። የጋራዥ ሰው ነዳጅ መድፋት እጁ እሺ አይለውም፤ ወደ ጀሪካኑ መለሰው። ሟቹ የጫረውን አላየም።»

መካኒኩ ወደ ጭረቶቹ ተመለከተ።

«እንዲቆምበት ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ። «ፈታኞቹ ፊት ሞተሩ እንዲቆምበትና እንዲያፍር። ቁልቁለቱን አላሰብኩትም።»

«ቁልቁለቱን አላሰብክም እንበል» አለችው መርማሪዋ። «ዘይቱን ስታፈስስ ግን ወንድምህ ሞቷል፣ ይህ ሰው ታስሯል፣ አንተም ፈተናህን አልፈሃል። ያንን አስበህበት ነው።»

አዛዡ ካቴናውን ከበያጁ እጅ ፈታ። በያጁ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ሚስቲቱን ሲያይ ዘጋው።

«እቴ…» አለ መካኒኩ፣ ሲወስዱት።

ሴትዮዋ ቀና አላለችም። ከመርፌ ሣጥኗ ምላጭ አወጣች፤ የኮቱን ጎን ገልብጣ ዛሬ የሰፋችውን ስፌት አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

«መዝገቡን እፈርማለሁ» አለች መርማሪዋ ለአዛዡ። ብዕሯን ግን አላወጣችም፤ የሚበጠሰውን የክር ድምፅ እየሰማች ቆመች።

«ወደ ልኩ ልመልሰው» አለች ሴትዮዋ፣ ለማንም ሳይሆን።