ወገብ የሌለው ቁጥር

«ቀስ በይ፣ እንዳትሰብሪው!» አለች በየነች፣ ልጇ የእርጥበት መለኪያውን የጀርባ ክዳን ስትፈለቅቅ የወጣውን ድምፅ ሰምታ።

ትሁት ካቻቢቴውን እንደገና ጫነችው። የመጨረሻው ብሎን ዝጎ ጥርሱ አልቋል፤ ካቻቢቴው በላዩ ላይ እየተንሸራተተ መዳፏን ልጦታል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጠዋቱን ልብስ ስታጥብ አሳልፋለች፤ ሰኞ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለባት። ዝናቡ በዚህ በታኅሣሥ ወር ምን ሊሠራ እንደመጣ ሳይታወቅ ከማለዳ ጀምሮ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድባል። ደክሟታል። እናቷም ደክሟታል። እውነቱን ለመናገር እዚያ መጋዘን ውስጥ ያልደከመው ነገር አልነበረም፤ መለኪያው ራሱ ከትሁት ዕድሜ ይበልጣል፣ ፕላስቲኩ ወይቦ የቁልፎቹ ጽሑፍ ተልጧል።

መጋዘኑ ሸዋ ቤንች ከተማ ዳር ላይ ያለ ሲሆን ባለቤቱ አቶ ሸዋንግዛው ናቸው። ገበሬዎች ከነገለባው ያደረቁትን ጀንፈል ቡና እዚህ ያመጣሉ። የበየነች ሥራ ከየጆንያው ናሙና እየወሰደች በዚህ መለኪያ እርጥበቱን ማየት ነው። አሥራ ሁለት በመቶና ከዚያ በታች ከሆነ ቡናው ይገባል፤ ከዚያ ከበለጠ ገበሬው ወደ ቤቱ ይዞት ሄዶ እንደገና ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣዋል።

የመለኪያው ቁጥሮች እንደ ካልኩሌተር ቁጥሮች ከትናንሽ መስመሮች የተሠሩ ናቸው። ከአምና ጀምሮ ከነጥቡ በፊት ያለው ቁጥር መሀሉ ላይ የምትጋደመዋን መስመር አጥቷል። በየነች ይህንንም ለምዳዋለች። እንዲያውም ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው በኩራት ነበር። «ይቺ ወገቧ የተቆረጠችው ሁለት ናት። ይቺ በግራ በኩል የተከፈተች ሳጥን የምትመስለው ሦስት። አንድ እግሯ ያጠረው አራት።» ሰው መቼም የማይለምደው ነገር የለም። አቶ ሸዋንግዛው ግን ሰሞኑን በዛ ያለ ቡና ሊገባ ስለሆነ፣ «ያቺ ልጅሽ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ትፈታታ የለ? ይሄንንም ትየው እንጂ» ብለው አዘዙ።

ትሁት ደስ ብሏት አልመጣችም። ይህን መለኪያ ማየት አትፈልግም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር አቶ ሲሞን የሚባሉ ገበሬ ያስገቡት ቡና መጋዘን ውስጥ ሻግቶ ተገኘ። ጆንያው ሲፈታ የወጣው ሽታ ሰው ያባርር ነበር። አቶ ሸዋንግዛው ሰውየውን አስጠርተው የጮኹባቸው በገበያ ቀን፣ በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

«ሲለካ አሥር ነጥብ ሦስት ነበር። አሥር! ከዚህ የበለጠ ደረቅ ቡና ከየት ይመጣል? እርጥቡን የቀላቀልከው ከተለካ በኋላ ነው!»

«እኔ አልቀላቀልኩም» አሉ አቶ ሲሞን። ሲናደዱ አማርኛው ስለሚጠፋቸው ቃሉን እየፈለጉ ነበር የሚናገሩት። «መንገድ ላይ ዝናብ መታው። በደንብ ለኩ ብዬ ተናገርኩ። እሷ ታውቃለች።»

«ማሽኑ ደረቅ ነው ብሏል። ማሽን ካንተ ጋር ምን ጠብ አለው?»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ በየነች ዞረ። «አሥር ነው ያየሁት» አለች በየነች። «በዓይኔ ነው ያየሁት።» አልዋሸችም።

ከዚያ ወዲህ የአቶ ሲሞንን ቡና የሚገዛ ነጋዴ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጡ የነበሩት ሰውዬ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ጸሎት ሲያልቅም ማንንም ሳይጨብጡ ይወጣሉ። ልጃቸው ዮሃና የትሁት የልብ ጓደኛ ናት። ነበረች ማለት ይሻላል። ክፍል ውስጥ ወንዶቹ «ውሃ ቀላቃይ» የሚል ስም ሲያወጡላት ትሁት አልሳቀችም፣ ግን ዝም በሏትም አላለቻቸውም። በዕረፍት ሰዓት ዮሃና መጥታ ጠየቀቻት።

«አንቺም ታምኛለሽ?»

«እማዬ በዓይኗ አይታለች እኮ፣ ዮሂ።»

«እሺ። ገባኝ» አለች ዮሃና። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። እስካሁን አልተነጋገሩም። ትሁት በዚያ ዝምታ የታከተችውን ያህል በምንም ነገር ታክታ አታውቅም።

ክዳኑ በመጨረሻ ለቀቀ። ውስጡ የሸረሪት ድርና የቡና ገለባ ሞልቶታል። መጀመሪያ ባትሪው የሚነካበትን ሽቦ በቢላ ጫፍ ፋቀች፤ ለውጥ የለም። የላሉ ሽቦዎችን አንድ በአንድ ነካካች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ከዚያ ከፊት በኩል ያለውን መስታወት በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርግ የጠፋችው መስመር ብልጭ ብላ መልሳ ጠፋች።

«አሃ» አለች ትሁት ለራሷ።

ይህን በሽታ ታውቀዋለች። አምና የዮሃና ካልኩሌተር እንዲሁ ሆኖ ነበር። የሳይንስ ክበቡ መምህር ባምላኩ ሁለቱን አጠገባቸው አስቀምጠው አሳይተዋቸዋል፦ ስክሪኑንና ቦርዱን የሚያገናኘው ቀጭን ጎማ ነው፤ እርጥበትና ቆሻሻ ሲገባበት አንዳንዱ መስመር ምልክት አይደርሰውም። በአልኮል ሲጠረግ ይድናል። መምህሩ ታዲያ አንድ ነገር አጥብቀው ይናገሩ ነበር። «ከመጥረጋችሁ በፊት ስምንት ቁጥርን በሁሉም ቦታ ጻፉ። ስምንት ሁሉንም መስመር ስለሚጠቀም የጎደለውን ያሳያችኋል።»

መለኪያው ላይ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ሲበራ ራሱ ለአፍታ ሁሉንም መስመር አብርቶ ሰማንያ ስምንት ነጥብ ስምንት ያሳያል፣ ከዚያ ይጠፋል። በየነች ያን ጊዜ ናሙና እየሞላች ስለሆነ አይታው አታውቅም። ትሁት ጥጥ አልኮል አስነክታ በግራ እጇ ያዘችና በቀኟ ቁልፉን ተጫነች።

80.8

አጠፋችው። እንደገና አበራችው።

80.8

ወገቧ እንደተቆረጠችው ሁለት አንካሳ ነገር አይደለም። ማንም የማይጠረጥረው፣ ምንም የማይጎድለው፣ ያማረ ዜሮ ነው።

«እማዬ፣ ዘንድሮ አሥራ ስምንት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

በየነች ጥግ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። «አሥራ ሰባት አይቻለሁ፣ መልሼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝም አንድ ሁለቴ ሳይመጣ አልቀረም። ምነው?»

«አሥራ ስምንትስ?»

«አሥራ ስምንት…» በየነች አሰበች። «እንጃ። አይ፣ አላየሁም።»

«በዚህ ሁሉ ዝናብ?»

መርፌው ቆመ። ትሁት መለኪያውን ይዛ ሄዳ እናቷ ፊት አበራችው። ከዚያ መስታወቱን ጫን አድርጋ ደግማ አበራችው። ሲጫኑት ስምንት፣ ሲለቁት ዜሮ፤ አሥራ ስምንትም አሥር። ማብራሪያ አላስፈለገም።

በየነች መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካችው። ከዚያ በወደቀ ድምፅ ተናገረች።

«ወንድም ሲሞን ነግሮኝ ነበር። ‹ዝናብ መትቶታል እህት በየነች፣ በደንብ እዪው› ብሎኛል። ጀንፈሉን በእጄ አንስቼ ነቀነቅኩት፤ አልተንኳኳም። የደረቀ ጀንፈል ሲነቀነቅ ይንኳኳል። ግን ሰልፉ እስከ መንገድ ደርሶ ነበር፣ ወገቤን አሞኝ ነበር፣ ማሽኑ ደግሞ አሥር አለ። ማሽኑ ካለ ብዬ ተውኩት።»

«እማ…»

«ጥረጊው» አለች በየነች።

«ምን?»

«ጥረጊውና ዝጊው። ከነገ ጀምሮ በትክክል ይለካል፤ ሌላ ሰው አይጎዳም። በቃ።»

«ጋሽ ሲሞንስ?»

«እሱን እግዚአብሔር ያውቅለታል» አለች በየነች፤ ብላም ራሷ አፈረች፣ ፊቷን አዞረች። «ትሁቴ፣ እኔ አምና ነው ይሄ ነገር ሲበላሽ ያየሁት። ‹ለምጄዋለሁ፣ ችግር የለውም› ያልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ይሄን ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድረኝም። በዚህ ወገቤ የት ሄጄ እቀጠራለሁ? አንቺና ወንድምሽን ምን ላበላችሁ ነው?»

እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እግሯ ላይ የምትውል፣ ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ወንበር ላይ የምታንቀላፋ ሴት ናት። ጥጡ ትሁት እጅ ላይ ነው። አንዴ ብቻ ጎማው ላይ ብታሳልፈው ያ ዜሮ ለዘለዓለም ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ስምንት ስምንት ይሆናል፤ አቶ ሲሞን ምለው ተገዝተው ቢናገሩም የሚያምናቸው አይኖርም። ዮሃናም እንደዚያው። መጠገን እንዲህ ያለ ክፉ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ትሁት አስባ አታውቅም ነበር።

ጥጡን ወደ ጎማው አቀረበችው። «አንቺም ታምኛለሽ?» ብላ ዮሃና የጠየቀቻትን አስታወሰች፤ ያን ቀን የመለሰችውን መልስ ዛሬም መድገም ትችላለች፣ ማንም አይጠይቃትም። ግን ሰኞ ክፍል ገብታ የዮሃናን ጀርባ እያየች መቀመጥ ከቶ የምትችል አልመሰላትም።

ጃንጥላ ሲታጠፍ ተሰማ። አቶ ሸዋንግዛው ጫማቸውን ደረጃው ላይ እያራገፉ ከበሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እህሳ፣ የኛ መካኒክ! አለቀ?»

በየነች ቀና ብላ ልጇን አየቻት። አልለመነቻትም፣ አልተቆጣቻትም። ትሁት ጥጡን መሬት ጣለችና የአልኮሉን ጠርሙስ ከደነችው።

«አላለቀም፣ ጋሼ» አለች። «አልጠረግኩትም። መጀመሪያ የሚያዩት ነገር አለ።»

«ምንድነው የማየው? እኔ ምን አውቅና ነው? ጠግኚው እንጂ!»

ትሁት ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረገች። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ጆንያው ተንኮሻኮሸ። በየነች አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አድርጋ በዝግታ ተነሳች።

«እኔ እነግርዎታለሁ፣ ጋሼ» አለች። «አሁን ግን አይደለም። አስቀድመው ወንድም ሲሞንን ያስጠሩልኝ።»

«ሲሞንን? ያንን ቀጣፊ በዚህ ዝናብ ለምን እጠራዋለሁ?»

«ቀጣፊ አይደለም» አለች በየነች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን አላቆመችም። «ያን ቀን የተናገርኩት ሰው ፊት ነው። ጆንያ ሲመዝኑ የነበሩት ልጆችም ይምጡ፣ ጎረቤቱም ይምጣ። ሰው ፊት ነው የምናገረው።»

አቶ ሸዋንግዛው አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን አዩ። ቀልዳቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

በየነች ነጠላዋን አስተካክላ በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ትሁት የተከፈተውን መለኪያ ውሃ ከማይደርስበት ቦታ ጠረጴዛው መሀል ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሰዎቹ እስኪመጡ ባትሪው እንዳያልቅ አጠፋችው።