የእትዬ ስንታየሁ አደራ

ሻንጣው ከበደ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ካውንተሯ ላይ ያለችው ሴትዮ ቅንድቧን አነሳች። የቤዛዊት አባትም ያ ሁሉ ተሰላፊ እያየው የሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክኮ ዚፑን ከፈተ። ቤዛዊት የሁዲዋን ቆብ እስከ አፍንጫዋ ጎተተችው። የሐበሻ ሻንጣ ኤርፖርት ላይ ሳይዘረገፍ መሄድ አይችልም ማለት ነው? አዲስ አበባ ሲሄዱስ ይሁን፣ ግማሹ የሰው ዕቃ ነው። አሁን ግን የሚሄዱት አንድም ሰው ወደማያውቃቸው ደሴት ነው።

«ዳድ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ከዋና ልብሷ ሥር በፌስታል ላይ ፌስታል የተደራረበበት፣ በፕላስተር ዙሪያውን የታሸገ ትልቅ ነገር ተጋድሟል። ሽታው በርበሬ፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ደግሞ ድርቆሽ እንደሆነ ይናገራል።

«ትንሽ ዕቃ ናት» አለ አባቷ ቀና ሳይል። «እትዬ ስንታየሁ ለኢያሱ ልከው ነው። እዚያው ካሪቢያን ሕክምና ይማር የለ?»

እትዬ ስንታየሁ እዚያው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሪችፊልድ ውስጥ ከእነሱ አፓርታማ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ኢያሱ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ካሪቢያን እኮ እዚህ እንዳለው ብሉሚንግተን ቅርብ አይደለም፣ ዳድ። እሱ ያለው ሌላ ደሴት ላይ ነው።»

«ጎረቤት ነው አሉኝ። ጀልባ አለ።»

እስቲ ፍረዱ። ይህን ጉዞ ስትለምን የኖረችው እሷ ናት። ቤዛዊት ቬኬሽን ሲባል የምታውቀው የሰው ሶፋ ላይ ተደርድሮ መቀመጥ ነው። አንዱ ዘመድ ቤት ይበላል፣ ከዚያ ሌላው ዘመድ ቤት ደግሞ ይበላል፤ በየበሩ አንዲት ሴት ጉንጯን ይዘው «አወቅሽኝ?» ይሏታል። አታውቃቸውም። ስለዚህ ካርታ ላይ ፈልጋ ፈልጋ ሞል የሌለበት፣ ትልቅ ሆቴል ያልተሠራበት፣ ከሁሉም በላይ ዘመድ የሌለበት ደሴት አገኘች። አባቷ ከብሉሚንግተን ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በራሱ መኪና ይሠራል። ቤት ሲገባ እየበላ ነው የሚተኛው። እዚያ ግን ስልክ አይጠራም፣ ሺፍት የለም። ዋና አስተምረዋለሁ ብላለች፤ እሱም እሺ ብሏል።

ደሴቷ እንደተመኘቻት ሆና ጠበቀቻት። ትራፊክ መብራት የላትም፤ መንገዱ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፍየል ነው። ያለችው አንዲት ሱቅ ባለቤቷ ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ትዘጋለች። ባሕሩ እስከ ታች ድረስ ይታያል። ኢንተርኔት የሚሠራው ባረፉበት የሚስ ኦርሊን ቤት በረንዳ ላይ ብቻ ነው። እናቷ ጫማዋን አውልቃ በአሸዋው ላይ ብቻዋን ስትራመድ ዋለች።

አባቷ ግን ተኛ። በልቶ ተኛ፣ ተነሥቶ እንደገና ተኛ። ቤዛዊት የዋና ልብሷን ለብሳ ጠበቀችው። በስንት ውትወታ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባና ማዕበሉ ሲመታው እንደ ልጅ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው መቼ እንደሆነ አላስታወሰችም።

«ነገ እስከ አንገቴ ነው» አላት።

ነገ የመጨረሻ ቀናቸው ነው።

እራት ላይ ዓሣውን እየበሉ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሚስ ኦርሊን ጠዋት ኢያሱ ወዳለበት ትልቁ ደሴት የሚሄድ ጀልባ አለ ብላኛለች። ወደ ማታ ይመለሳል። ዕቃውን ላድርስና…»

«ነገ?»

«ሌላ ቀን ጀልባ የለም፣ ቤዚ።»

«ቃል ገብተህልኛል እኮ።»

«ለሳቸውም ገብቻለሁ። አደራ በላ ልባል?»

«ድርቆሽና በርበሬ እኮ ነው። መድኃኒት አይደለም።»

«ቤዛዊት፣ ተይ» አለች እናቷ። «ስንመለስ የስንታየሁን ዓይን እንዴት ብዬ አያለሁ?»

እነሆ፣ እትዬ ስንታየሁ ውቅያኖስ ተሻግረው እራት ላይ ተቀመጡ። ቤዛዊት ሹካዋን አስቀመጠች። ተነሣችና ፕላስተሩ ላይ የተጻፈውን የኢያሱን ስልክ ቁጥር አይታ በረንዳ ላይ ወጣች። ይምጣና ይውሰድ። ሐኪም ሊሆን ነው የሚባለው፣ ጀልባ መሳፈር አያቅተውም።

ደጋግማ ከደወለች በኋላ ስልኩ ተነሣ። ማን እንደሆነች ነገረችው፤ ዕቃ እንዳለውም።

«በናትሽ፣ እንዳትመጡ» አለ ኢያሱ።

«ምን?»

«ስልኩ አይሠራም በዪው ለአባትሽ። ዕቃውን ብሉት። እናንተም ቬኬሽናችሁን ኢንጆይ አድርጉ።»

የፈለገችው ይኸው ነበር። አመስግና መዝጋት ነበረባት። አፏ ግን «ለምን?» አለ።

ኢያሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከጀርባው የጀልባ ሞተር ይሰማል። «ትምህርቱን ካቆምኩ ቆየሁ» አለ። «ወድቄ ነው። አሁን ወደብ ላይ ዕቃ አወርዳለሁ። አክስቴ ለሰው ሁሉ 'ዶክተሬ' እያለች ነው የምታወራው። ስትደውል ምን ልበላት? ስለዚህ አላነሣም። ሰው ከመጣ ደግሞ አንዴ ሲያየኝ ሁሉን ያውቃል።»

ቤዛዊት ዘጋችና ወደ ውስጥ ገባች። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የተላቀቀውን ፕላስተር መልሶ ያጣብቃል።

«አገኘሽው?»

ሁለት ቃል ይበቃል። ስልኩ አይሠራም። ሰውዬው ራሱ ነው በዪ ያላት። አባቷ ያዝናል፣ ትንሽ ይቆዝማል፣ ጠዋት ግን ባሕሩ ውስጥ ነው።

«ለዚህ ዕቃ ብለህ ቀናችንን የምታቃጥለው ለምንድን ነው?» አለችው በምትኩ።

«ዕቃው አይደለም።» አባቷ ፕላስተሩን አስቀመጠ። «ኢያሱ ካነጋገራቸው ወራት ሆኖታል። 'እባክህ እንዲደውልልኝ አሳምነው፣ በዓይንህ ፊቱን እይልኝ' ብለው ደረጃው ላይ ቆመው አለቀሱ። ላንቺ ያልነገርኩሽ ደስታሽን እንዳላበላሽ ብዬ ነው።»

በሁሉም ተናደደች። እያለቀሱ ድርቆሽ በሚልኩት እትዬ ስንታየሁ ተናደደች፤ ስልክ በማያነሣው ኢያሱ፣ እሺ ማለት ብቻ በሚያውቀው አባቷም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህን ካወቀች በኋላ ውሸቱ አፏ ላይ አልመጣ ማለቱ ነው። ምናለ ባትጠይቀው።

ተመልሳ በረንዳው ላይ ደወለች። አሁን ኢያሱ ወዲያው አነሣ።

«በጠዋቱ ጀልባ እንመጣለን» አለችው። «ሦስታችንም።»

«ቤዛዊት…»

«ለአክስትህ የምትነግራቸው አንተ ነህ፤ እኔ አልነግራቸውም። ግን አልዋሽልህም። ብትደበቅ አባቴ ወደቡ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ 'ሐበሻ አይታችኋል?' እያለ ሲጠይቅ ይውላል። አውቀዋለሁ። ጀልባው እስኪያመልጠን አይተውም።»

ኢያሱ የት ጋ እንደሚጠብቃቸው ነገራት።

ስትገባ አባቷ በሩ ላይ ቆሟል።

«አነሣ እንዴ? ደኅና ነው?»

«ሂድ ተኛ፣ አባዬ» አለችው። «ነገ ፊቱን ራስህ ታየዋለህ።»